የሁለት ቀን ዝናብ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ብሩክ ዛሬ ማዕበል አገኘ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳና «እትዬ አስካለ፣ ይምጡ! ይምጡ ይዩ!» ብሎ ጮኸ። መነጽሬን ስፈልግ «ይተዉት፣ ይኼ ያለ መነጽርም ይታያል» አለኝ። እውነቱን ነው። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ መስመር ይሄድ ይሄድና ጉድጓድ ይገባል፤ ወዲያው ደግሞ ዘሎ ይወጣል። እንደገና ይሄድና እንደገና ጉድጓድ።

«በየሠላሳ ቀኑ!» አለ። «የልደታ ዝናብ በየሠላሳ ቀኑ አንድ ቀን ቀጥ ይላል፣ በማግስቱ እጥፍ ሆኖ ይወርዳል። ሰው በዓይኑ ልፈልገው ቢል ዕድሜውን ቢጨርስ አያገኘውም። ይኼን የሚያገኝ ብዙ ዳታ ብቻ ነው።»

የዳታው እናት እንግዲህ እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከሜትሮሎጂ ቢሮው ጓሮ ከቆመው የዝናብ መለኪያ ውሃውን ወደ መስታወቱ ቱቦ ገልብጬ፣ ሚሊ ሜትሩን አንብቤ፣ ቅጹ ላይ ጽፌያለሁ። አምና ጡረታ ወጣሁ። በቦታዬ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ነጭ መሣሪያ ገባ፤ አይታመም፣ ፈቃድ አይጠይቅ፣ እንደምን አደራችሁ አይል። ዘንድሮ ደግሞ የአገሩን ሁሉ አሮጌ ቅጽ ስካን እያደረጉ ለማሽን ሲያስነብቡ፣ ማሽኑ የኔን አንድና ሰባት መለየት አቃተውና በውል መልሰው ጠሩኝ። አሁን ሥራዬ የገዛ እጄን ጽሑፍ ለማሽን ማንበብ ነው። ምን ይባላል።

ብሩክ ዶክትሬቱን የሚሠራው በዚህ ላይ ነው። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ለቢሮው ኃላፊና ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች ያቀርባል። ቀኖቹን እያነበበ ነገረኝ፤ ቅጾቻችን የሚሞሉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «ጁን ስምንት። ጁላይ ስምንት። ኦገስት ሰባት። ሴፕቴምበር አሥራ አንድ፤ እንቁጣጣሽን እንኳ አይምርም!» ብሎ ሳቀ። በዓመት አንድ ጊዜ ግን ማዕበሉ አምስት ቀን ይዘገያል አለ። ክረምቱ ሲወጣ ጉልበቱ ስለሚደክም ይመስለዋል።

ጎበዝ አልኩትና ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ከሰንጋ ተራ ወደ ቤቴ ስሄድ በጣቴ ቆጠርኩ። ሰኔ አንድ። ሐምሌ አንድ። ነሐሴ አንድ። መስከረም አንድ። አምስቷ ቀን ጳጉሜ ናት። በየወሩ በመጀመሪያው ቀን የምትከበረው ልደታ ናት።

ማዕበሉ እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

የሠራተኞች ቀን፤ ሥራ የለም። እኔ ግን ለካሁ። አሮጌው መለኪያ ከነጩ መሣሪያ አጠገብ አሁንም ቆሟል፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም በየጠዋቱ እየሄድኩ እለካዋለሁ። ጥበቃው ጋሽ ሸምሱ በሩን ይከፍትልኛል። የተረፉኝ ባዶ ቅጾች ላይ እጽፋለሁ፤ የትም አይሄዱም። ዛሬ 0.0። እውነተኛ ዜሮ ናት፣ ትናንት ፀሐይ ነበር።

አንዴ በሥርዓት ልጻፈው።

ካገባሁ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጅ አልነበረኝም። አማቴ «በቅሎም አትወልድ» ይሉ ነበር፣ እኔ እየሰማሁ። ልደታ ማርያም ደጅ ሄጄ ተሳልኩ፦ ልጅ ብትሰጪኝ በየወሩ በልደትሽ ቀን አስቀድሼ፣ ስብከቱም ጸሎቱም እስኪያልቅ ከደጅሽ አልወጣም አልኩ። ማህደር ተወለደች። ይኸው ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ስለት ነው፤ ሰጥታኛለች፣ እኔም አልቆረጥኩም።

ቤተ ክርስቲያን ከቢሮ ሩቅ አይደለም፣ ግን በልደታ ቀን ሁሉ ነገር እስኪያልቅ አራትም አምስትም ሰዓት ይሆናል። የሦስት ሰዓቱ ንባብ ያልፈኛል። የመጀመሪያው ወር ላይ ቦታውን ባዶ ተውኩት። የያኔው አለቃዬ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ቅጹን ይዘው መጡና «እኔ ባዶ ቦታ አልወድም። ወይ ቁጥር ጻፊ ወይ ሥራውን ልቀቂ» አሉኝ። አርፍጄ ለክቼ ሦስት ሰዓት ብዬ ብጽፍ ደግሞ ውሸት ነው፤ ሥልጠና ላይ ከሁሉ በላይ የተነገረን እሱ ነበር። ስለዚህ ውሸት እንዳልጽፍ ብዬ ዜሮ ጻፍኩ። አሁን ሳነበው ራሴን ያስቀኛል።

ውሃው የትም አልሄደም። መለኪያው ውስጥ ያድራል፣ በማግስቱ የሁለቱን ቀን አንድ ላይ ለክቼ እጽፋለሁ። አንዲት ጠብታ አላጠፋሁም፣ የወሩ ድምር ልክ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ከወሩ ድምር ሌላ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ቀን በቀን ማን ሊያየው? ያየ ሰው ሳይኖር ዓመታት አለፉና ልቤ ደነደነ። አሁን ቀን በቀን የሚያይ መጣ፤ እሱም ሰው አይደለም።

አርብ፣ ሚያዝያ 24

ለካሁ፤ 2.6።

የባሰ አለ። ማዕበሉ መጓዝ ጀመረ።

ብሩክ ካርታ ዘርግቶ ጠበቀኝ። ልደታ ላይ ቀይ ነጥብ አለ። «ከዚህ ይነሳል» አለ። «ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ሰሜን ያለችው ጣቢያ ይደርሳል። ያው ነው፣ አንድ ቀን ዜሮ፣ በማግስቱ እጥፍ! ከዚያ በሰባት ቀኑ ወደ ደቡብ ይወርዳል።» እንዴት ወደ ሰሜን ሄዶ መልሶ ወደ ደቡብ እንደሚመጣ ስለ ተራሮች ብዙ አስረዳኝ። ሰው እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት ማህደር ዩኒቨርሲቲ የገባች ቀን ባሌን ነው፣ እሱንም ነፍሱን ይማረው።

ማዕበሉ ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት አልነበረም ሲልም ነገረኝ። የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ሊሆን ይችላል አለ። አዎ። ልጄ ስትወለድ ነው የአየር ንብረቱ የተለወጠው።

በልቤ ደመርኩ። አንድ ላይ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ሚካኤል። ሰባት ሲጨመር አሥራ ዘጠኝ። ገብርኤል። እዚያም ቤት እንደኔ የሚያስቀድስ አለ! እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። ብቻዬን አይደለሁም። ሁላችንም አንድ ነን። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቀሎኝ ዋለ።

በዘዴ ልጠቁመው ሞክሬ ነበር። «ቀኖቹን በአበሻ ቆጥረሃቸው ታውቃለህ?» አልኩት። «ዝናብ ካላንደር አያውቅም እትዬ» አለኝ። ደግሞ «ቅጹ ላይ በስተቀኝ ያለችውን የማስታወሻ ዓምድ ማሽኑ ያነባታል?» አልኩት። «እሷን ቆርጠናታል። የሰው ወሬ ስለሆነች ማሽኑን ታደናግረዋለች። የምንፈልገው ቁጥር ብቻ ነው።»

የሰው ወሬ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ባልሄድ ይሻለኝ ነበር።

ከለካሁ በኋላ (1.8) ጋሽ ሸምሱን የአሮጌ ቅጾቹን ክፍል ክፈትልኝ አልኩት። የሰሜኗን ጣቢያ ሳጥን አወጣሁ። በሃያ ዓመት ቅጽ ውስጥ የማላውቀው ሰው ትንንሽ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ጽሑፍ አለ። የሥራ ባልደረባዬ፣ የኃጢአት ጓደኛዬ ብዬ ወደ ሚካኤል ቀን ሄድኩ።

ዜሮ የለም። ሰረዝ ነው ያለው። ሰረዟን ዜሮ ብሎ ያነበበው ማሽኑ ነው። በስተቀኝ፣ ብሩክ የቆረጣት ዓምድ ውስጥ፣ እንዲህ ይላል፦ «ሚካኤል። የሁለት ቀን ነው።» በሚቀጥለው ወርም «ሚካኤል። የሁለት ቀን ነው።» በሚቀጥለውም። ሃያ ዓመት። አንድ ወር ላይ «ሚካኤልም የእናቴ ቀብርም። የሦስት ቀን ነው» ብሏል።

የደቡቧንም አየሁ። እሷ ጋ ጽሑፉ ትልልቅ ነው፤ «ገብርኤል በመሆኑ አልተለካም፣ ከነገው ጋር ይደመራል።»

ከዚያ የኔን አወጣሁ። የማስታወሻዬ ዓምድ ንጹሕ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ነጭ። ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እነዚህም አለቃ ነበራቸው፤ የእነሱም አለቃ ባዶ ቦታ አይወድ ይሆናል። እነሱ ግን ሦስት ቃል ጻፉ።

ጋሽ ሸምሱ ሳለቅስ አገኘኝና ነገርኩት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ስልጤ ነው፤ ነገር ቶሎ አይገርመውም፣ ይኼ ግን ገረመው። «አስካለ» አለኝ፣ «እኔ እኮ ልደታ የለብኝም። በየወሩ አንድ ቀን እዚሁ በር ላይ ቁጭ ብዬ እያየሽኝ ነው የምትሄጂው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ለክቶ መጻፍ ያቅተኛል? ለምን እኔን አላልሽኝም?»

ሳጥኖቹን መልሼ ደረደርኩ። እዚህ ግን ልጽፈው። አስቤው ነበር። የመንግሥት መሣሪያ ጥበቃ አይነካውም ብዬ ነው የተውኩት። ሰርተፊኬት ያለኝ እኔ ነኝ ብዬ ነው። ስለቴ ብቻ አይደለም እንግዲህ፣ ኩራቴም አለበት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ማህደር ከጀሞ መጣች፤ ሙዝና ዳቦ ይዛ። ፊቴን አይታ ምን ሆነሻል አለችኝ፤ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ተይው» አለች። «ማን ያውቃል? ሳተላይት፣ ማሽን፣ ስንት ሺህ ወረቀት። ውስጡ ያንቺ ትንሽ ዜሮ ምን ታደርጋለች? ተናግረሽ በስተርጅና ስምሽ ይጥፋ? ለኔ ብለሽ ነው ያደረግሽው።»

ለሷ ብዬ ነው። ብሩክ ጉድጓድ የሚለው ሁሉ የልጄ ወር ነው፤ አንዱ ጥርስ ስታወጣ፣ አንዱ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ አንዱ ኩፍኝ ይዟት ተሸክሜያት ሄጄ። ሄዳ በሩን ስዘጋ ተናደድኩባት። ምን አጠፋች? ምንም። የምናደድበት ሰው ስላጣሁ ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

የአርበኞች በዓል ነው፤ የሚሠራም የለም፣ የማናግረውም የለም። 0.4።

ብናገር፦
ቅጾቼ ይጣላሉ። ሌላ የሠራሁት ነገር የለኝም።
ብሩክ ሁለት ዓመት የደከመበት ይፈርሳል።
ኃላፊው «እነዚህ አሮጌዎች» ይላል። ፊት ለፊቴም ብሎኝ ያውቃል።

ባልናገር፦
ስሜ ይከበራል።
ብሩክ ዶክተር ይሆናል፣ እናቱ እልል ትላለች።
ማሽኑ ማዕበሉን ይማራል። ብሩክ እንዳለኝ ከዚያ ለገበሬው መቼ እንደሚዘራ ይነግረዋል። አንዱ ገበሬ እኔ ስላስቀደስኩ ዘሩን ይዞ ይጠብቃል፣ አንዱ ደግሞ የማይመጣ ዝናብ ይመጣል ብሎ ይበትናል።

ሦስት ለሦስት ወጣ። የመጨረሻዋን ደግሜ ሳነባት ግን እኩል አልሆነም። ገበሬው እኮ ቅዳሴዬን አያውቅልኝም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ልነግረው ሄጄ ሳልነግረው ተመለስኩ።

ለምን መሰለህ፣ ማስታወሻዬ? ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ካለው ካፌ ማኪያቶ ጋበዘኝ። በበልግ ዝናብ ላይ ስንት ነገር እንዳወራ አላስታውስም፤ «ብሩክ፣ አንድ ነገር አለ» ብዬ ልጀምር ስል እሱ ቀደመኝ። «እትዬ፣ የምስጋናው ገጽ ላይ አስገብቼዎታለሁ። ‹ለሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን ሳያቋርጡ ለለኩት ለወይዘሮ አስካለ› ብዬ።»

ማኪያቶውን አስቀመጥኩ። «ማን ጻፍልኝ አለህ?» አልኩት፤ ጮክ ብዬ፣ አጠገባችን ያሉት ሁሉ ዞሩ። ልጁ ደነገጠ። «ይቅርታ፣ ደስ የሚልዎት መስሎኝ» አለ። ሂሳብ ከፍሎ ተመለስን። ከሰዓት በኋላ ሙሉ አንድና ሰባት ስለይ ዋልኩ።

በደግነት የሚመታ ሰው ከሁሉ ይከፋል። ተሳዳቢ ቢሆን ገና ያን ቀን ነግሬው ነበር።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

ነገርኩት።

ጠዋት ለካሁ (0.0)፣ ከዚያ ከቤቴ ግድግዳ ያወረድኩትን ካላንደር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። የአበሻውና የፈረንጁ ቀን ጎን ለጎን ያለበት ነው። «እነዚያን ቀኖች አንድ በአንድ እያነበብክ እዚህ ላይ ጣትህን አድርግ» አልኩት። ትናንት የተቀየምኩት መስሎት ሊያስደስተኝ ብሎ ጀመረ። ጁን ስምንት፣ ጣቱ ሰኔ አንድ ላይ። ጁላይ ስምንት፣ ሐምሌ አንድ ላይ። ኦገስት ሰባት ላይ ሲደርስ ጣቱ ቀርፈፍ አለ። ሴፕቴምበር ላይ ቆመ።

«ጳጉሜ» አለ። ከዚያ ካላንደሩን ወደ ራሱ ስቦ «የሚጓዘውስ?» አለኝ።

«ሚካኤልና ገብርኤል ናቸው።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። እኔም ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለቱን፣ አለቃዬን፣ ዜሮዎቹን። የሁለቱን ሰዎች ቅጽ አውጥቼ የቆረጣትን ዓምድ አሳየሁት፤ የሰሜኑን ሰውዬ «ሚካኤል። የሁለት ቀን ነው» አነበበ። ጣቱን ሰረዟ ላይ አደረገ። «ጽፈውልን ነበር» አለ። «እነሱ ጽፈዋል፣ እኔ አልጻፍኩም» አልኩት። ይቺን አረፍተ ነገር ለማውጣት ስንት ቀን እንደፈጀብኝ እሱ አያውቅም።

«በየወሩ ነው? ሁልጊዜ?» አለኝ።

ሁልጊዜ ልል ነበር፤ ግን አይደለም አልኩት። በኮሮና ጊዜ ደጁ ተዘግቶ ቤት የጸለይኩባቸው ወሮች አሉ፤ ያኔ በትክክል ለክቻለሁ። ታምሜ ሌላ ሰው የተካኝ አለ። ዓመት ፈቃድ አለ። የትኞቹ ናቸው አለኝ፤ አላውቅም። በበጋው ደግሞ ዜሮው እውነት ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተሩን ከድኖ ወጣ። ደህና ዋሉ ሳይለኝ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ገለጻው ዛሬ ነበር። አልተጠራሁም። ከጠዋት ጀምሮ አንድና ሰባት ሳልለይ ተቀምጬ በሩን ሳይ ዋልኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ብሩክ መጣ። ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከቶታል። ማዕበሉን አላቀረበም። ቆሞ «ያገኘሁት ዝናብ አይደለም፣ ሰው ነው» አላቸው። እንግዶቹ በትሕትና ሰሙት፤ አንዷ የማስታወሻውን ዓምድ ብዙ ጠየቀችው። ኃላፊው ግን እነሱ ሲሄዱ በሩን ዘግቶ ተቆጣው።

«የሰሜኗና የደቡቧ ይታረማሉ» አለኝ። «ጽፈው አስቀምጠዋል፣ የትኛው ቀን እንደሆነ ይታወቃል።» ከዚያ ጫማውን እያየ «የእርስዎ…» አለና ቆመ።

«ተናገር ልጄ።»

«የወሩ ድምር ይቆያል። ልክ ስለሆነ። ቀን በቀን ያለው ግን ይወጣል። ማስረጃ የለውማ፣ እትዬ። ሦስት ቃል ብትኖር ኖሮ…»

«ባዶ ይቀራል?» አልኩት። እንደ አለቃዬ እኔም ባዶ ቦታ ሳልጠላ አልቀረሁም።

«የለም። ሳተላይቱ ይገምትና ማሽኑ ይሞላዋል።»

ይኼ ነው እንግዲህ። በወር አንድ ቀን ገምቼ፣ ገምቼም አይደለም፣ አሳድሬ፣ ስለዚህ ሌሎቹ ሃያ ዘጠኝ ቀኖች ወጡ። ጭቃ ውስጥ ቆሜ የለካኋቸው፣ እርጉዝ ሆኜ፣ ተኩስ እየተሰማ፣ ባሌ በሞተ በሦስተኛው ቀን የለካኋቸው። በእነሱ ቦታ ከሰማይ ሆኖ ልደታን አይቶ የማያውቅ ነገር ገምቶ ይጽፋል። የእኔ ዜሮ ውሸት ተባለች፤ የእሱ ግምት ዳታ ይባላል።

ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ግን ዛሬም አልለየሁም።

«ዶክትሬትህስ?» አልኩት። «እንደገና እጀምራለሁ» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። የምስጋናውን ገጽ አልጠየቅኩትም።

አርብ፣ ግንቦት 1

ልደታ። ዓመታዊው ንግሥ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባራ። ደጁ በነጭ ልብስ ሞልቷል፤ ሰው ጃንጥላውን እንደታጠፈ ይዞ ጭቃውን እየዘለለ ይገባል። ዘንድሮ ልደታን ተቆጥቼ ነው የገባሁት። አንቺ ያመጣሽብኝ ነው አልኳት። ከዚያ አፈርኩ። እሷ ልጅ ሰጠችኝ እንጂ ዜሮ ጻፊ አላለችኝም።

ታቦቱ ሊወጣ ሲል ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት። ሌላ ጊዜ አላየውም። ዛሬ መለኪያው ውስጥ ያለው ውሃ ታየኝ፤ ከሌሊቱ ዝናብ ብዙ ይሆናል። ነገ ገልብጬ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱን ቃል እጽፋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ለማን? ለማንም። ቅጹ የትም አይሄድም።

የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ጎረቤቶች ደጅ ላይ ንፍሮ ቀቅለው ጠበቁኝ። በላሁ፣ መረቅሁ፣ ሳቅሁም። ከሰዓት ትንሽ አካፋ።

ማህደር ደወለች። ነገርኳት፤ ተናገርኩ አልኳት። «ደህና አደረግሽ» አለች፤ ከልቧ ይሁን ለማጽናናት አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

ብዕሬን ይዤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ጋሽ ሸምሱ በሩ ላይ የለም፤ በሩ ግን ክፍት ነው። ሦስት ሰዓት እስኪሆን ጠብቄ መለኪያውን ከፈትኩ።

ውሃው ትንሽ ነው። በመስታወቱ ቱቦ ውስጥ 1.2 ብቻ። ደነገጥኩ። ያ ሁሉ የሌሊት ዝናብ የት ሄደ? ተበስቷል ብዬ ታቹን ዳበስኩ፤ ደረቅ ነው። ሰው ደፋው ብዬ ልጮህ ስል ጋሽ ሸምሱ ከጓሮ መጣ፤ እጁ ላይ ከሲጋራ ፓኮ የተቀደደ ካርቶን ይዟል።

«የትናንቱን ለይቼልሻለሁ» አለኝ።

ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ፣ ደምቆ እንዲታይ ሁለቴ ተደጋግሞበት፦ «ግንቦት 1። 3 ሰዓት። 14.6። ሸምሱ።»

«ጁምዓ እኮ ስድስት ሰዓት ነው» አለ፣ ካርቶኑን ደጋግሜ ሳየው። «ሦስት ሰዓት ላይ ምን ሥራ አለኝ? ዓይኔን ከመስመሩ እኩል አድርጌ ነው ያየሁት፣ አንቺ እንደምታደርጊው። ሃያ ምናምን ዓመት እያየሁሽ።»

አሥራ አራት ነጥብ ስድስት። ስለቴን ከጀመርኩ ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በኮሮና ከተዘጋባቸውና ሌላ ሰው ከተካኝ ወሮች በቀር፣ በልደታ ቀን ይኼ መለኪያ ትክክለኛ ቁጥር ሲነበብበት አላውቅም። ይኼን ያህል ቀላል ነበር። አንድ ሰው መጠየቅ። ይኼ ነው የሚያቃጥለኝ፤ ማሽኑም፣ ሳተላይቱም፣ ኃላፊውም እንደዚህ አላቃጠሉኝም።

ወደ አራት ሰዓት ግድም ብሩክ ደወለ። ድምፁ የደከመ ነው፣ ግን «ደህና አደሩ» አለኝ። የማስታወሻውን ዓምድ ለሁሉም ጣቢያ ማስነበብ ፈልጎ ኃላፊው ገና እሺም እንቢም አላለውም። ማሽኑ የሰው ጽሑፍ እስኪለምድ ድረስ የሚያነብለት ሰው ያስፈልጋል። «ሰኞ ይመጣሉ?» አለኝ። እስቲ አልኩት። እሄዳለሁ መሰለኝ።

ቅጹን አወጣሁ። ሦስቱ ቃላት የሚጻፉበት ቦታ አጡ፤ የሁለት ቀን አይደለማ። ግንቦት 1 ላይ 14.6፣ ግንቦት 2 ላይ 1.2 ጻፍኩ። ከዚያ በስተቀኝ ካለችው ነጭ ዓምድ ላይ፦ «የትናንቱን የለካው ሸምሱ ነው።»

ጋሽ ሸምሱ በትከሻዬ በኩል አነበበና «የአባቴንም ስም ጨምሪ እንጂ» አለኝ። ጨመርኩለት።